አምስተኛዋ ደዋይ

«ለፍቅር ስል እዋሻለሁ» አሉ እትዬ ሳሙና፣ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «ግን እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከእመቤት የሚበልጥ ዘፋኝ ገና አልተወለደም። ይህን አውቀህ ስልኩን ስጠኝ።»

«ኧረ ወዲያ!» አለ ልብስ የሚያመላልሰው ሾፌር። «እመቤት ዕድሜዋን ሙሉ የዘፈነችው አንድ ዘፈን ነው፤ የምትቀያይረው ቀሚሷን ብቻ ነው። ዘፋኝ ከተባለ ባለክራቫቱ ነው።»

«እሱ ደግሞ ዘፈነ ወይስ አለቀሰ?»

«ማልቀስስ ቀላል መሰለዎት እንዴ?»

«ቀላልማ ባይሆን ባሌ በየቀኑ አያለቅስም ነበር!»

ላውንደሪው በሳቅ ተናጋ። በሳቁ መሃል አንድ ሰው ብቻ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል። ካውያ ነው የሚሉት፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። የቤቱ ልብስ ተኳሽ እሱ ነው። ትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ አጠገብ ቆሞ የሰው ሸሚዝ ሲያቃና ይውላል፤ የራሱን ሕይወት ለማቃናት ግን እጁ እንደዚያ የተባረከ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ላይ «የዘመናት ሁሉ ታላቅ ዘፋኝ ማነው?» የሚል ክርክር ይተላለፋል። አድማጭ እየደወለ የሚወደውን ዘፋኝ ይጠራል፣ ይሟገታል፣ የባሰበትም ይሳደባል። ክርክሩ ከተጀመረ ወዲህ እመቤትና ባለክራቫቱ ስማቸው እስኪሰለች ተነሥቷል። ድሮ አዳራሽ አፍ እስከ ገደፉ ይሞሉ የነበሩት ማዕበል ግን አንድም ሰው አልጠራቸውም። ማዕበል ጉሮሯቸው ታሞ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ጀምሮ ያ ሁሉ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። ቅዳሜ ሲመጣ ሬዲዮኑን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና ስማቸውን ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ ሲያበቃ «ዛሬ ደግሞ ሞገዱ አይጠራም» ብለው ይዘጉታል፤ ሞገዱ ግን ጥርት ያለ ነው።

ይህን ለካውያ የነገረችው ልጃቸው ናት። ፋርማሲስት ናት። የተዋወቁት ነጭ ጋውኗን ልታስተኩስ መጥታ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ዓይን ለዓይን ከተጋጩ በኋላ የዚያ ጋውን ጉዳይ አላልቅ አለ። አንዴ ኮሌታው፣ አንዴ እጅጌው፣ አንዴ ደግሞ ምንም ያልሆነው ኪሱ። አባትየው ወሬው ሲደርሳቸው አልጮኹም፤ መጮህም አይችሉም። «እኔ መድረክ ስወጣ ሸሚዜን የሚተኩሱ ሰዎች ነበሩ» አሉ በሹክሹክታቸው። «ከመጋረጃው በስተኋላ ነበር የሚቆሙት። ልጄን ያስተማርኩት ወደዚያ እንድትመለስ አይደለም።» ከዚያ ወዲህ ካውያ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ልጅቱ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። «አንድ ሰው እንኳን ስሙን ቢጠራለት ምን አለበት? አንድ ሰው!» አለችው። ሌላ ወንድ ቢሆን እቅፍ አድርጎ ያባብላት ነበር። ካውያ ግን የሰው ልብስ ተጨማዶ ማየት የማይወድ፣ ያየውን ሁሉ ካልተኮሰ የማያርፍ ፍጡር ነውና እንባዋን እንደ ሥራ ትእዛዝ ተቀበለው።

በዚህች ቅዳሜ ታዲያ ከመተኮሻው አጠገብ ስልኩን ይዞ፣ የሥራ ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ለማዕበል አስደወላቸው። እትዬ ሳሙና «እሳቸው ሲዘፍኑ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር» ብለው ማንም ሳያስተምራቸው ሳግ ጨመሩበት። ሾፌሩ «ሠርጌ ላይ ዘፍነውልኛል» አለ፤ ላጤ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ግጥም የመሰለ ነገር ተናገረች። አጣቢው ደግሞ አፉ ተሳስሮበት «ማዕበል... ማዕበል ናቸው... በቃ ማዕበል!» ብሎ ዘጋው፤ ከሁሉም የሚታመነው የእሱ ነበር።

አቅራቢውም ገረመው። «ዛሬ ደግሞ ማዕበል ተነሣ!» እያለ ሳለ አምስተኛ ደዋይ ገባች። በዕድሜ የገፋች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። «መድረክ ላይ የዘፈነውን አይደለም የምለው» አለች። «ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የሚያንጎራጉረውን ነው። ከዚያ ወዲያ የማንም ዘፈን ጆሮዬ አልገባ አለ።» ይህን ብላ ስሟን ሳትናገር ዘጋች።

ላውንደሪው ውስጥ ሁሉም ተያየ። «ይቺኛዋን ደግሞ ከየት አመጣሃት?» አሉ እትዬ ሳሙና። ካውያ ከየትም አላመጣትም፤ ማን እንደሆነችም አያውቅም። ደስታው ላይ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ ጠብ ያለችበት ያኔ ነበር።

*

«አባዬ ሳቀ!» አለችው ልጅቱ በስልክ። «እኔ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ! የመጨረሻዋ ሴትዮ ስትናገር ተነሥቶ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ብዙ ቆይቶ ጺሙን ተላጭቶ ወጣ። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ያ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። አንተን እኮ ነው!»

እውነቱ የካውያ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ይህን ደስታ በገዛ እጁ ሊያፈርሰው ነው? ነገ እነግራታለሁ አለ በልቡ። በማግስቱም ነገ አለ፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። እንዲህ የሚባል «ነገ» መቼም ነግቶ አያውቅም።

«ዝም አልክ» አለችው።

«ደስ ብሎኝ ነው።»

ደስ ብሎትም ነበር፤ ፈርቶም ነበር፤ ሁለቱን መለየት አቅቶት አደረ።

*

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ያካፋ ነበር። ካውያ የሆቴል አንሶላ ከመተኮሻው ላይ እያነሣ ሳለ የላውንደሪው በር ተከፈተና አንድ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። አንገታቸው በሻርፕ ተጠቅልሏል፤ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ሙሉ ልብስ አንጥፈዋል። ካውያ ፎቶግራፋቸውን ስላየ ሲያያቸው እንደ እንጨት ደረቀ።

«ካውያ የሚሉህ አንተ ነህ?»

ሹክሹክታው እንዲሰማው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ማለት ነበረበት። «አዎ ጋሼ።»

ማዕበል ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ቁጣ አልነበረበትም፤ አስተያየታቸው የደከመ ሰው አስተያየት ነበር። «ቅዳሜ ሬዲዮ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰው አልረሳኝም» አሉ። «የተረሳ ሰው ክፉ ይሆናል ልጄ። እኔም ክፉ ሆኜብህ ነበር። ልጄ ቤት ውስጥ ድምፅዋን አጥፍታ ስትሄድ እያየሁ እንዳላየ ሆንኩ። ይህን ልብስ ተኩስልኝ። መድረክ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣሁበት ነው። ለሠርጋችሁ እለብሰዋለሁ።»

የካውያ ዓይን እንባ አቀረረ። «እዚሁ ይቀመጡልኝ ጋሼ፤ እያዩኝ ልተኩሰው» አለ። ምነው «ነገ ይምጡ» ባለ! ኮቱን እንደ አራስ ልጅ ተቀብሎ ዘረጋው፣ ግራ እጅጌውን አቃና፣ ክዳኑን ዝቅ አድርጎ እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ። እንፋሎቱ ሽሽሽ ብሎ ወጣ፤ ክዳኑ መለስ ሲል ደግሞ ጓ አለ።

ማዕበል አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

ሽሽሽ... ጓ።

«እስኪ ድገመው» አሉ።

ካውያ ሥራውን የወደዱለት መስሎት በኩራት ደገመው። ወዲያው ከጓሮ በኩል እትዬ ሳሙና በዚያ ሻካራ ድምፃቸው «አንተ ካውያ! ያ ብርድ ልብስ ደረቀ አልደረቀም?» ብለው እየሳቁ ብቅ አሉ። የማዕበል ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ ካውያ በዓይኑ አየው።

«እትዬ» አሉ ማዕበል። «ከእኔና ከእመቤት ማን ይበልጣል?»

እትዬ ሳሙና ሰውየውን አሁን ነው የለዩት። አፋቸውን በሽርጣቸው ያዙ። «እ... እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ፤ ሌላ ማን አለ።»

«ቅዳሜም እንዲሁ ነበር ያሉት። ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር ብለው። ከኋላዎ ይህ ማሽን ሽሽ ይል ነበር። ከዚያ ሠርጌ ላይ ዘፈነልኝ ካለው ልጅ ኋላም ነበር። ግጥም ከገጠመችውም፣ ከተንተባተበውም ኋላ።» ወደ ካውያ ዞሩ። «የቆረጡት ጉሮሮዬን ነው፤ ጆሮዬን አይደለም። ስሰማ ምን ይሆን ይህ ድምፅ ብዬ ነበር። ደስ ስላለኝ ተውኩት።»

ካውያ መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያስደወልኳቸው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። እኔ...»

«አምስተኛዋንስ?»

«እሳቸውን አላስደወልኩም። ማን እንደሆኑም አላውቅም።»

«እኔ አውቃታለሁ። ሚስቴ ነበረች» አሉ ማዕበል፤ ሹክሹክታቸው ይበልጥ ቀጠነ። «የልጄ እናት። ልጄ በእቅፍ ሳለች ነው የሄደችው። ድምፅዋን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። የማላውቀው ቃሉ የማን እንደሆነ ነው። ሄደህ ለመንካት?»

«በእናቴ ሞት! እኔ...»

«አትማል። እኔ ቅዳሜ ጺሜን የተላጨሁት ለአራቱ አልነበረም፤ ለእሷ ነበር። አሁን ግን አራቱን ውሸት ያዘጋጀ ሰው አምስተኛዋን እውነት ነው ሲለኝ በምን ልመነው?»

ማዕበል ኮታቸውን ከመተኮሻው ላይ ራሳቸው አነሡ። አንዱ እጅጌ ቀጥ ብሎ ተተኩሷል፤ ሌላው እንደተጨማደደ ነው። እንደዚያው ትኩሱን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ካፊያው ውስጥ ወጡ። እትዬ ሳሙና «ልጄን» ብለው ማልቀስ ጀመሩ፤ ካውያ ግን አላለቀሰም፤ ውስጡ ባዶ ሆኖበት ለማልቀስም የሚሆን ነገር አጣ።

*

ልጅቱ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ባንኮኒው ጋ አልቆመችም፤ በቀጥታ አልፋ አንሶላ ወደሚሰቀልበት ጓሮ ገባች። በዝናቡ ምክንያት ሁሉም ልብስ ወደ ጣሪያው ሥር ተጠጋግቷል። በሁለት ነጭ አንሶላዎች መሃል ቆማ ጠበቀችው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ቢክድ ሳይሻላት አይቀርም ነበር። ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«እኔ ያኔ ያለቀስኩት እንድታቅፈኝ ነበር» አለች። «በቃ እንድታቅፈኝ! ለአባቴ ሰው ለምንለት አልኩህ? አድናቂ በኪራይ አምጣለት አልኩህ?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። ስታለቅሺ ማየት አልችልም።»

«ስለማትችል ነው እኔን ያዋረድከኝ? ታውቃለህ፣ አባዬ ሬዲዮኑን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከቶታል። ሰው ሲረሳው እንኳን እንዲህ አልሆነም። ያዘኑለት መሆኑን ሲያውቅ ነው የተሰበረው።»

ካውያ እጁን ሊዘረጋ አለና መለሰው።

«እናቴ ናት አለ» ቀጠለች። «እስከ ዛሬ የማውቀው ሌላ ሰው ወዳ ጥላን መሄዷን ነው። ድምፅዋ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሲናገር እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን እሞርድ ነበር። የገዛ እናቴን አላወቅኋትም! እስኪ ንገረኝ፣ ፈልገህ አግኝተሃት ነው?»

«አላገኘኋቸውም። አላውቃቸውም። ይህ አንዱ እውነት ነው።»

ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው። ድሮ በዚያ ዓይን ውስጥ የምታገኘውን ነገር ስትፈልግ ነበር፤ ካውያ ኪሱ ተገልብጦ እንደሚፈተሽ ሰው ዝም ብሎ ቆመላት።

«ላምንህ እፈልጋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ከየቱ እንደምጀምር ጠፋኝ። ነገ ስታመም ምንም አይደለም ብለህ ልትደልለኝ ነው? ስትጠላኝስ እወድሻለሁ ብለህ ታሳምርልኛለህ? ሁለተኛ ለኔ ብለህ ምንም ነገር እንዳታሳምር። ቤትም እንዳትመጣ።»

አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ሄደች። ካውያ እዚያው ቆሞ ቀረ። ልቡን ያቃጠለው ቁጣዋ አይደለም፤ ያለችው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው።

*

ቅዳሜ የክርክሩ መዝጊያ ነበር። ካውያ ስልኩን አነሣ። እትዬ ሳሙና መተኮሻውን ሊያጠፉለት ሲሄዱ «ተዉት፣ ይሰማ» አላቸው።

«ድምፅዎን ለማን ይሰጣሉ?» አለ አቅራቢው ቀልጠፍ ብሎ።

«ለማንም። ባለፈው ሳምንት ለማዕበል የደወሉት አራት ሰዎች በእኔ ልመና የደወሉ ናቸው። ይህን ማሽን የሚሰሙት እንደሆነ፣ ያኔም ከኋላቸው ነበር።»

አቅራቢው ሳቀ። «እና ጉዳዩ ምንድን ነው፣ የልብስ አጣቢዎች ፓርቲ ነው?»

«ልጃቸውን እወዳለሁ። ሞኝ ነኝ። እኔ ስለ ዘፈን የማውቀው ነገር የለም፤ ማን ከማን እንደሚበልጥ መመስከር አልችልም። ግን አምስተኛ ሆነው የደወሉትን ሴትዮ አላውቃቸውም። እሳቸው የተናገሩት የራሳቸውን ነው። እኔ በመዋሸቴ የእሳቸው ቃል ውሸት ሆነ። የሚሰሙኝ ከሆነ እባክዎ ይደውሉ። ሌላ አልፈልግም።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ የመጣው ሳቅና ስድብ ነው። አንዱ ደውሎ «ያ ልብስ ተኳሽ ለእኔም ሚስት ይፈልግልኝ» አለ። ሌላው ማዕበልን አነሣና «ድሮም ጩኸት እንጂ ዘፈን አልነበረም» ብሎ አለፈ። ካውያ እያንዳንዱን ቃል ቆሞ ጠጣው። እመቤት፣ ባለክራቫቱ፣ እመቤት፣ እመቤት። ሰዓቱ እያለቀ ነው። ሾፌሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ተወው ወንድሜ» አለው።

ያን ጊዜ ያች ረጋ ያለች ድምፅ መጣች።

«ያ ልጅ እውነቱን ነው» አለች። «እኔን ማንም አላስደወለኝም። ልጁንም አይቼው አላውቅም።»

ቀጥላ የተናገረችውም ብዙ አልነበረም። እሷ ከጨረሰች በኋላ ካውያ ሽርጡን እንኳን ሳይፈታ ወደ ጎዳናው ወጥቶ ሮጠ። ከሱቁም ከታክሲውም ከጫማ ሰፊው ጥግም ያው ሬዲዮ ይሰማል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርስ አቅራቢው አሸናፊውን ሲያውጅ፣ ሰዎች ሲያጨበጭቡና ሲያጉረመርሙ ሰማ። አገር ሁሉ እየሰማው ያለውን ነገር የማይሰማ አንድ ቤት አለ፤ የሚሮጠው ወደዚያ ነው።

እየሮጠ ግን አንድ ሐሳብ አብሮት ሮጠ። ግማሹን ብቻ ብነግራቸውስ? ደስ የሚለውን ግማሽ። ሴትዮዋ የተናገረችው ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ሰውየውን ከአልጋ ያስነሣል፣ ሌላው አልጋ ላይ ይጥላል። ሁለተኛውን ማን ይጠይቀኛል? በዚህ ሐሳብ እግሩ ሲፈጥን ታወቀው፤ ራሱን ፈራው።

በሩን ልጅቱ ከፈተችው። ላብና ዝናብ ያራሰውን ሰው ስታይ ልትቆጣ አስባ ቆማ ቀረች።

«ደወሉ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «እናትሽ ደወሉ።»

ከኋላዋ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። ማዕበል ሶፋው ላይ ተጋድመዋል፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ካውያ ደጃፉን አልፎ አልገባም። እዚያው ሆኖ ሰውየው እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ማንም አላስደወለኝም አሉ። እሱን የሚያህል ዘፋኝ አልሰማሁም አሉ። ባለፈው ያልኩትን ዛሬም እላለሁ አሉ።»

የማዕበል ትከሻ አልተነቃነቀም። ሹክሹክታቸው ከግድግዳው ተመልሶ መጣ። «ጨረስክ?»

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ልጅቱ ታየዋለች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ያንን የጓሮውን አስተያየት ዓይኗ ውስጥ ይዛ ታየዋለች።

«አልጨረስኩም ጋሼ» አለ ካውያ። «ጥዬው የሄድኩትም ለዚያው ነው አሉ። ቤት ውስጥ ስናገር አይሰማኝም ነበር፤ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነበር። ልጃችን በትኩሳት ስትቃጠል አጠገቤ ተቀምጦ የአዲስ ዘፈን ዜማ ይለማመድ ነበር። ሌላ ሰው አልወደድኩም፤ የሚሰማኝ ሰው ብቻ ነበር የፈለግሁት አሉ። ልጄን ይዤ ልውጣ ስል አልሰጥም አለኝ፤ እኔም አልታገልኩም፤ ይህ የኔ ኃጢአት ነው አሉ። አሁንም እወደዋለሁ፤ አልመለስም አሉ። ከዚያ ዘጉት።»

ካውያ ሰው የገደለ መሰለው።

ማዕበል ቀስ ብለው ዞሩ። ዕድሜያቸው በአንድ ጊዜ የደረሰባቸው ይመስላሉ። ካውያን ብዙ አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ ዓይናቸው ሞላ።

«እሷ ናት» አሉ። «ሊያስደስተኝ የሚዋሽ ሰው ይህን አይጨምርም።»

እንባቸው ሲወርድ ድምፅ አልነበረውም። ልጅቱ ግን አልሄደችላቸውም። በቆመችበት ሆና «ሌላ ሰው ወዳ ሄደች አልከኝ እኮ አባዬ» አለች። እንደ ሕፃን ነበር ያለችው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠላኋት።» ማዕበል አፋቸውን ከፈቱ፤ ሹክሹክታውም እንኳን አልወጣ አለ። ልጃቸው በካውያ አጠገብ አልፋ ወጣችና ውጪ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ካውያ በአባትና በልጅ መሃል ደጃፉ ላይ ቀረ። ወዴትም መሄድ አልቻለም። ይህን ያህል እውነት አምጥቶ፣ አንድ ሰው እንኳን ደስ አላሰኘም።

«ማን አሸነፈ?» አሉ ማዕበል።

«እመቤት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይገባታል» አሉ።

ከዚያ ሌላ አልተናገሩም፤ ስለ ሠርግም፣ ስለ ልብሱም፣ ስለ ይቅርታም። ካውያ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ልጅቱ ጉልበቷን አቅፋ ካፊያውን ታያለች። አጠገቧ ይቀመጥ እንደሆነ ሊጠይቃት ፈለገና ሳይጠይቃት ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አላባበላትም። ደህና ይሆናል አላላትም። ስታለቅስ ዝም ብሎ ሰማት፤ ይህን ማድረግ ከምንም ነገር በላይ ከበደው።

ብዙ ከቆየች በኋላ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ያለው ይቅርታ ይሁን ድካም መለየት አልቻለም። ግን ተነሣ አላለችውም።